ለኦፓል ግሪር ስለታዘዘው ባዶ ወንበር

ይድረስ ለተከበሩ የታርቨር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣ ለሚስተር ዴልበርት ክራምፕተን
ታርቨር፣ አላባማ፤ ግንቦት 1994 እ.ኤ.አ.

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከቅናት በስተቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ይህንን በከተማው ጋዜጣ ላይ የማወጣው በቢሮዎ ያስቀመጥኳቸው ሦስት ማስታወሻዎች ሳይደርሱዎት ቀርተው አይደለም፤ ጋዜጣ ላይ ያልወጣ ነገር በትምህርት ቤታችን ከቁም ነገር እንደማይቆጠር ዘንድሮ ስለተማርኩ ነው። ስላስተማሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

አንደኛ፦ ሃያ ሁለት ዓመት ታሪክ ያስተማርኩበትን ክፍል ከሚስ ዳርሊን ፎስ የእንግሊዝኛ ክፍል የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። እሷ የጥቁሮችን የመብት ትግል ከቆዩ ጋዜጦች ታስተምራለች። እኔ ዘንድ መጽሐፉን ተንተርሰው የሚያንቀላፉት እነዚያው ልጆች እሷ ዘንድ ሲገቡ፣ «አምጣው እንጂ፣ ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ!» እያሉ አንድ ብጫቂ ወረቀት ይነጣጠቃሉ። ምን እደብቅዎታለሁ፣ ዓይኔ ደም ይለብሳል። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ የጽዳት ሠራተኛው ደርሶብኝ ያውቃል።

ሁለተኛ፦ ይህችው ሴት የ1963ቱን ዝርዝር አገኘች። የነጮች ምሳ ቤት ገብተው አንነሣም ያሉ አሥራ አንድ ጥቁር ልጆች ሲታሰሩ፣ ጋዜጣው ስማቸውን ከነቤት ቁጥራቸው አትሞ ነበር፤ ቀጣሪዎችና አከራዮች ማንን እንደሚያባርሩ ግራ እንዳይገባቸው የተደረገ ደግነት መሆኑ ነው። ተማሪዎቹ አሥሩ የት እንደደረሱ አጣሩና ስማቸው ላይ ቀይ ምልክት አድርገው አለፏቸው። አሥራ አንደኛዋ፣ የአሥራ አምስት ዓመቷ ኦፓል ግሪር፣ የውሃ ሽታ ሆነች። ከዚያ ወዲያ ኦፓል፣ ኦፓል፣ አሁንም ኦፓል! ግጥም ተጻፈላት። አንዱ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች «ገድለዋት ቢሆንስ?» ብሎ ሲያለቅስ አይቻለሁ፤ ይኸው ጎረምሳ በእኔ ፈተና ላይ ስሙን ብቻ ጽፎ ነው የወጣው። እንደዚህች ልጅ የቀናሁበት ሰው የለም።

ሦስተኛ፦ ለአሥራ አንዱ ልጆች መታሰቢያ በተሰናዳው የዓርቡ ዝግጅት፣ ለኦፓል ክብር ከመድረኩ ፊት አንድ ባዶ ወንበር እንዲቀመጥ አዘዋል። ወንበሮቹን የመደርደሩን ማዕረግ ደግሞ፣ «ሚስ ሃስኪንስ መቼም ሥራ አይበዛባትም» ብለው ለእኔ ሰጥተዋል። ስላሰቡልኝ እግዜር ይስጥልኝ።

አራተኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው። ያን ቀን ከምሳ ቤቱ ይዞን የወጣው ፖሊስ ስሜን ሲጠይቀኝ፣ እናቴ የዳኛው ቤት ምግብ አብሳይ ነበረች፤ ስሜ ቢታተም በማግስቱ ከሥራዋ ትባረር ነበር። ስለዚህ «ኦፓል ግሪር» አልኩት፤ የቤት ቁጥሩንም ከልቤ ፈጠርኩለት። ኦፓል የጎረቤታችን ድመት ነበረች። አጠገቤ የቆመችው ኧርሊን ቦይድ ግን እውነተኛ ስሟን ጮክ ብላ ተናገረች፤ በሳምንቱ አባቷ ከእንጨት መሰንጠቂያው ተባረሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ዝም ያልኩት ከትሕትና አይደለም፤ አፍሬ ነው። ኧርሊን ዛሬ የት እንዳለች ቢጠይቁኝ፣ በእርስዎው ትምህርት ቤት ምሳ ክፍል ለእነዚያው ልጆች በየቀኑ ባቄላ ትጨልፋለች። ስሟ ላይ ቀይ ምልክት አድርገዋል፤ አንዳቸውም ግን «እንዴት ነበር?» ብለው አልጠየቋትም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል አሉ!

ይህን ሁሉ ታግሠው ስላነበቡ፣ ወይም ጸሐፊዎ አንብባ ስለነገረችዎ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣

የክፍል ቁጥር 12 የታሪክ መምህርት፣
ቨርኔታ ሃስኪንስ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ወንበሮቹን ደርድሬያለሁ። ባዶው ላይ «ኧርሊን ቦይድ» የሚል ጽፌ ለጥፌበታለሁ፤ ዓርብ ባቄላ የሚጨልፍላችሁ ስለማይኖር ምሳችሁን ቋጥራችሁ ኑ። ኦፓልን የሚፈልግ ካለ ከበሩ አጠገብ ቆማ ያገኛታል፤ እንደ ልማዷ እየቀናች፣ አሁን ግን ሊቀናባት በሚገባ ሴት።