ማሽኑ ለአባትሽ የሰጠው ነጥብ

ለልጄ ለማሪሴል፣

ጌታ በሰው አገር የሚወድሽን ሰው ያብዛልሽ። እኛ ደህና ነን። ዘንድሮ ጎርፉ ደረጃችን ላይ ደርሶ ተመለሰ። የኦስሎ ብርድ እንዳይመታሽ ካፖርትሽን ቆልፊ።

አባትሽ፣ ሙዚቃ አሳታሚዎቹ «የእርስዎ ዜማ ጊዜው አልፏል» ካሉት ወዲህ ጊታሩን እንዳልነካ ታውቂያለሽ። በዚያው እንዳይቀር ፈርቼ ነበር። እሁድ ዕለት ግን አሳ ሻጯ አሊንግ ፓሲታ ለልደቷ የካራኦኬ ማሽን፣ ያን ሙዚቃ እያጫወተ ለሚዘፍነው ሰው ከመቶ ነጥብ የሚሰጠውን፣ ተከራየችና አባትሽን ጎትቼ ወሰድኩት። አባትሽ ድሮ ለእኔ ብሎ የደረሰውን ዘፈን ሴቶቹ ሁሉ በቃላቸው አወረዱት። ፓሲታ ዘጠና ስምንት ነጥብ አገኘች።

«ማንግ ዶሚናዶር፣ ተራው የእርስዎ ነው!» ብለው ማይኩን ለአባትሽ ሰጡት። ዘፈነ፤ ማሽኑ ስልሳ አንድ ሰጠው።

«ኧረ ደራሲው እኮ እሱ ነው!» አልኳቸው።

ፓሲታም «ታዲያ የራሳቸውን ዘፈን አያጠኑም እንዴ?» አለች። አባትሽ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ወደ ቤት ስንመለስ «ሁሉም በቃላቸው ያውቁታል እኮ» እያለ ደጋገመልኝ።

ሰኞ ጠዋት ሩዝ ሳጥብ ጊታሩን ሲቃኝ ሰማሁት። አዲስ ዜማ ጀምሯል፤ ለአንቺ ነው።

እንቅልፍሽን ያጣፍጥልሽ፣ እጅሽ የነካውን ይባርክልሽ። ስትደውዪ ዜማውን እንዲያሰማሽ ለምኚው። እኔ እንደነገርኩሽ ግን አደራ፣ አትንገሪው።

እናትሽ ፊሎሜና