ወባ ነው አልኳቸው

ማክሰኞ፣ ሰኔ 4

ዛሬም አልበረደላትም። ክሎሮኪኑን ሦስት ቀን ሙሉ እያንገሸገሻት ዋጠች፣ ትኩሳቱ ግን ወይ ፍንክች! ያተረፍነው ማሳከኩን ብቻ ነው። ልጄ ሰናይቴ ገና አሥር ዓመቷ ነው፤ እንደ ትልቅ ሰው ግንባሯን ይዛ "ራሴን፣ ራሴን" ትላለች።

ቢሮ ፈቃድ ጠየቅሁ። አለቃዬ "ለአዋሳ ሰው ወባ እኮ ጉንፋን ነው" ብሎ ሳቀ። ታይፔ ላይ ተደፍቼ ሪፖርቱን ጨረስኩለት። አንድ ገጽ ሙሉ ተሳስቼ ደግሜ መታሁት።

ማታ እማማ ማርታ ወተት ይዘው ገቡ። ግቢያችን አንድ ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ያለቻቸው ቦራ የምትባል አንዲት ላም ናት፤ ወተቷን ለጎረቤት እየሸጡ ይኖራሉ። ሰናይት አጠገብ ተንበርክከው በሲዳምኛ ጸለዩላት። ቤተ ክርስቲያናቸው በመንግሥት ከታሸገ ጀምሮ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መጸለይ ለምደዋል።

ረቡዕ፣ ሰኔ 5

ጤና ጣቢያ ገና ሳይነጋ ተሰለፍን። ተራችን ሲደርስ ሽማግሌው ድሬሰር ልብሷን አስወልቆ አገላብጦ አያት። ብብቷ ሥር ጥቁር ቅርፊት አለ፣ ዙሪያው ቀልቷል፣ ሲጋራ የተተረኮሰበት ይመስላል። መዳፏ ላይም ሽፍታ።

"ቤታችሁ ከብት አለ?" አለኝ።

"የለም" አልኩ።

ሰናይት ዓይኗን ሳትገልጥ "የእማማን ቦራ መዥገር እለቅምላታለሁ" አለች።

በእጇ እየነቀለች፣ በጥፍሯ እያፈነዳች! ስንት ጊዜ አይቻት "ጎበዝ ልጅ" ብያለሁ።

ድሬሰሩ "ወባ አይደለም እህቴ፣ የመዥገር ትኩሳት ነው" አለኝ። መዥገሩ ሲነክስ የሚያስገባው ባክቴሪያ እንደሆነ፣ ክሎሮኪን ምንም እንደማያደርገው አስረዳኝ። ቴትራሳይክሊን ሰጠን። ስንወጣ ደግሞ "ከቤታችሁ ሌላ ሰው ቢያተኩሰው ቶሎ አምጡ። በሽማግሌ ይከፋል" አለ።

"ትልቅ ሆናለች፣ ራሷ ትታጠብ" እያልኩ ገላዋን ካየሁ ወር አልፎኛል። እኔ ደግሞ እናት ነኝ!

እማማ በር ላይ ይጠብቁን ነበር። "ምን አሉሽ ልጄ?"

መዥገር ነው ብል ግቢው ሁሉ ይሰማል። ወተቱን ማን ይወስድላቸዋል? የቀበሌው ሊቀ መንበር ከብት ከከተማ ይውጣ ማለት ከጀመረ ቆይቷል፣ የሚፈልገው ሰበብ ብቻ ነው። ልጅሽን ላሜ አሳመመቻት ወይ ብለው ሲያዩኝስ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ይባላል። ይህን ያለው ሰው ጎረቤት አልነበረውም መሰለኝ።

ወባ ነው አልኳቸው። መድኃኒቱ ተቀይሮላት ነው አልኩ።

"ተመስገን፣ ወባ ከሆነስ ይድናል" አሉ።

ዓርብ፣ ሰኔ 7

ሰናይቴ ተነስታ ተቀመጠች! የበላችው፦ ግማሽ ዳቦ፣ አንድ ሙዝ፣ ሾርባ። ሾርባው ጨው የለውም ብላ አኮረፈችኝ። እሰይ፣ ታኩርፍ።

ወደ ቦራ እንዳትጠጊ አልኳት። እማማ ይህን አይተው "ሰናይት ተቀየመችኝ እንዴ?" ብለው ጠየቁኝ። ድካሙ አልለቀቃትም ብዬ አለፍኩ። አንዱ ውሸት ሌላውን ይጎትታል።

እሳቸውም ራሳቸውን በነጠላ አስረዋል። ዝናቡ ነው አሉኝ። እኔም ዝናቡ ነው አልኩ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 8

ቦራ ሳትታለብ አርፍዳ ስትጮህ ነው የገባኝ። ሮጬ ገባሁ። እማማ ተኝተዋል፣ ሰውነታቸው ይፋጃል።

"የልጅሽ ወባ ወደ እኔ መጣ" ብለው ቀለዱ። "ኪኒን አልተረፈሽም?"

ለክረምቱ ብዬ ያስቀመጥኩት ክሎሮኪን ነበረኝ። ሰጠኋቸው። እያወቅሁ፣ በገዛ እጄ፣ ውሃ ቀድቼ ሰጠኋቸው። ምናልባት የእሳቸው የእውነት ወባ ይሆናል አልኩ። አሁን ለራሴም መዋሸት ጀመርኩ።

እሑድ፣ ሰኔ 9

ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ፤ የቀረ ስሙ ይያዛል። ሊቀ መንበሩ ስለ ከተማ ጽዳት ሲናገር አንድ ቃል አልሰማሁም።

ስመለስ እማማ ከሞቱት ባላቸው ጋር ያወራሉ። ሲዳምኛ ስለማልችል የለየሁት የባላቸውን ስም ብቻ ነው። ቀሚሳቸውን ገለጥ አደረግሁ። ጉልበታቸው ሥር ያው ጥቁር ቅርፊት!

ፊታቸውን በእርጥብ ጨርቅ ስጠርግላቸው ነቃ አሉ። ያኔ ተናዘዝኩ። "እማማ፣ ወባ አይደለም። ከቦራ መዥገር የመጣ ነው። የሰናይትም ይኸው ነበር። ከረቡዕ ጀምሮ አውቃለሁ፣ ዋሽቼዎት ነው።"

"ለላሜ ብለሽ?"

"ለላምዎ። ለራሴም። ፈርቼ።"

"ላም በላም ይተካል፣ ልጄ። እኔን በማን ልትተኪኝ ነበር?"

ጎረቤት ጠርቼ በጋሪ ሆስፒታል ወሰድናቸው። ተረኛዋ ነርስ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ስትጠይቅ፣ ጎረቤቶቼ ቆመው እየሰሙ ሁሉንም ተናገርኩ። አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 11

ሐኪሙ ዘግይታችኋል አለ። ኩላሊታቸው ደክሟል፤ መድኃኒቱ ተጀምሯል፣ እናያለን።

የፈራሁት ሁሉ በአንድ ቀን ደረሰ። ወተቱን የሚወስድ ጠፋ። ቀበሌው ላሟ በሳምንት ውስጥ ትውጣ የሚል ወረቀት በሩ ላይ ለጠፈ። ለዚህ ነበር አራት ቀን አፌን የዘጋሁት። ከሆስፒታሉ አልጋ ጋር ሳስተያየው ምኑም አይደል።

ማታ ካፕሱሉን አዋጥኳቸው። ከእሑድ ጀምሮ ቃል አልተነፈሱኝም ነበር። ዛሬ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰና "ቦራ ታለበች?" አሉ።

"አልቤያታለሁ።"

"ወተቱን ወሰዱ?"

"አዎ" የሚለው ቃል ምላሴ ላይ መጣ። ለታመመ ሰው፣ በዚህ ሰዓት፣ ማን ይፈርድብኛል?

"አልወሰዱም፣ እማማ። ማንም አልወሰደም። ደፋሁት።"

ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ደግ" አሉ። ለእኔ ይሁን ለሌላ፣ አላወቅሁም። ትኩሳታቸው ሠላሳ ዘጠኝ ነው።