የዋጥኩት ሙሾ

ሶዶ፣ ሐምሌ 11 ቀን 1999 ዓ.ም.

ባሮክዬ፣ የእናትህ አንድዬ፣

ደህንነትህን በመጠየቅ ልጀምር ነበር፤ ግን ከፋሲካ በፊት ከማላዊ ደውለህ ከጠፋህ ወዲህ ስንት ጊዜ ጠይቄ መልስ አጣሁ። ስለዚህ ዛሬ የራሴን ልንገርህ። የጎረቤታችን ልጅ ኤርሳዶም እንዳንተ ወደ ጆሃንስበርግ ሊነሳ ነው፤ ደብዳቤውን እዚያ ላሉት የአገርህ ልጆች ሊያደርስልኝ ቃል ገብቷል።

እዚህ ሰዉ ሁሉ "አገርነሽ ግጥም ነጠፈባት" ይላል። አልነጠፈም። ነጥፎ ቢሆንማ እንዴት በታደልኩ! ሶዶ ውስጥ ሙሾ አውራጅ የፈለገ ሰው የእኔን ደጅ አልፎ እንደማይሄድ ታውቃለህ። አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ "ገበያ ወጥታ ጎመኑን ረስታ ስንኝ ሸምታ ትመጣለች" እያለ ይስቅብኝ ነበር። እውነቱን ነው። ዝንጅብል ስመርጥ፣ የቦዲቲ መኪና ውስጥ ተጨናንቄ ስቀመጥ፣ ባልና ሚስት ሲጨቃጨቁ ስሰማ ነው የሚመጣልኝ። በመጣልኝ ቀን እግሬ መሬት አይነካም።

ባለፈው ሰኔ ልብስ ሰፊው ሶርሳ ዐረፈ። የመንገድ ሱሪህን፣ ያንን ድብቅ ኪስ ያለውን፣ የሰፋልህ ሶርሳ። ጠዋት ጎመን ስቀነጥስ እንዲህ የሚል መጣልኝ፦

ለሰው ሁሉ ሰፍቶ ለሠርግ ለድግስ፣
ሌላ ሰው ሰፋለት የመጨረሻ ልብስ።

ደስ አለኝ። ለቅሶ ቤት እየሄድኩ ደስ አለኝ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ድንኳኑ ውስጥ ተነስቼ ቆምኩ። ሚስቱ አሳየሽ የሚለካበትን ሜትር ከፍ አድርጋ እያሳየች ታለቅሳለች። ያ ሜትር ወገብህ ላይ ሲዞር፣ አንተም ኮርኩሮህ ስትስቅ ታየኝ። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን የሶርሳ አልነበረም፦

ድብቅ ኪስ አሰፍቶ የሄደው ልጄማ፣

በነጠላዬ አፌን ያዝኩ። ሰዉ ጉንፋን መሰለው። አሳየሽ ግን ሰምታኛለች። የባሏ አስከሬን ገና ከቤት ሳይወጣ፣ የራሷን ሐዘን ትታ ጆሮዬ ሥር መጣችና፣

"እትዬ፣ መርዶ ሰምተሽ ደብቀሽን ነው እንዴ?" አለችኝ።

መርዶ! ማንም ያላወቀውን የእኔ አፍ አውቆት ይሆን?

ከዚያን ቀን ጀምሮ የነካሁት ሁሉ ግጥም ይሆንብኛል። በር ሥር የተውከው ጫማህ ግጥም ነው፣ የዝናቡ ድምፅ ግጥም ነው፣ ሁሉም ደግሞ ባንተ ላይ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ስለምነው የኖርኩት ነገር እንዲህ ሞልቶ ሲመጣ የምሸሽበት አጣሁ። ገበያ መውጣት ትቻለሁ። የዕድር ሰዎች ለመርዶ የሚመጡት ጎህ ሲቀድ ስለሆነ፣ ጎረቤት እሳት ልትጭር በማለዳ ብታንኳኳ እንኳ በሩን አልከፍትም። ጨንቆኛል ልጄ። ላብድ ነው።

አሳየሽ ቤት ስልክ አለ፤ ቁጥሩን ታውቀዋለህ። ደውልና ተቆጣኝ፣ "አልመጣም፣ ተይኝ" በለኝ፣ ምንም አልልህም። ድምፅህን ልስማ እንጂ ከእንግዲህ አንድ ስንኝ ባይመጣልኝም ግድ የለኝም። ለሙታን ሌላ አልቃሽ ይፈልጉ።

እመቤቴ በምትሄድበት ሁሉ ትቅደምልህ። የረገጥከው ይለምልም፣ ክፉ አይይህ። እንጀራህን በሰው አገር፣ በሰው ፊት በሰላም ያብላህ።

እናትህ አገርነሽ

ድንኳኑ ውስጥ የቆረጥኩት ግጥም ሁለተኛ ስንኝም መጥቷል። ከጥርሴ ኋላ ይዤዋለሁ፤ እዚህም አልጽፈውም። ቶሎ ደውል።