መብራቱን እንድታበራ የተጋበዘችውን እናቴን ይመለከታል

ለተከበሩ አቶ ጄይፒቲ ኑቫቂቅ፣
የሲኩሊያክ መንደር የኑናቩት ቀን በዓል አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ እንዲሁም የመንደራችን የአረጋውያን ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፦

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ ከመላው ቤተሰብዎ ጋር፣ በገዛ ቤትዎ እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። የመጨረሻው ምኞት በመንደራችን ለሁሉም ሰው የሚሰምር ባለመሆኑ አጥብቄ ተመኝቼልዎታለሁ።

አስቀድሜ ላመስግን። ጁላይ ዘጠኝ ለምናከብረው የሰሜን ካናዳ ግዛታችን የኑናቩት ምሥረታ በዓል፣ ለእናቴ ለወይዘሮ ሊቲያ ቃውናቅ የላኩት የግብዣ ካርድ ደርሷል። እንደ ወጋችን የድንጋይ መብራቱን፣ ቁሊቁን፣ በባሕር እንስሳው በአቆስጣ ስብ አቀጣጥላ በዓሉን እንድትከፍት በትሕትና ይጋብዛታል፤ «የምድራችን እናት» ሲልም ያሞግሳታል። ካርዱን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። እናቴን ከሦስት ክረምት በፊት «እዚህ የሚጦራት ቤት የለም» ብለው በአውሮፕላን ወደ ደቡብ፣ ዛፍ ወደሚበቅልበት ከተማ የሰደዷት እርስዎ ስለሆኑ፣ አድራሻዋን ይዘነጉታል ብዬ አልገመትኩም ነበር። ይህን እንደ ቅሬታ አልቆጥረውም። ቅሬታዎቼ የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ግዛታችን ሲመሠረት በቋንቋችን እንደምንተዳደር ተነግሮን ነበር። እናቴ ባለችበት መጦሪያ ቋንቋዋን የሚሰማ አንድም ሰው የለም። በስልክ እንዲህ አለችኝ፦ «ሰዉ ሁሉ ፈገግ ይልብኛል፤ እኔም መልሼ ፈገግ እላለሁ። ልክ እንደ ሁለት ውሾች ነን። ውሻስ ቢያንስ ይሸታተታል!» በመዝገባቸው ላይ «ዝምተኛና ደስተኛ» ተብላለች።

ሁለተኛ፣ ምግቡ። ጥሬ ዓሣ ለጤናዋ አደገኛ መሆኑ ተወስኖ ድንች ይቀቀልላታል። እናቴ ድንቹን አትነቅፍም፤ የምትጠይቀው የሞተው ከመቀቀሉ በፊት ይሁን በኋላ ነው።

ሦስተኛው ግን ወደ እርስዎ ያመጣኝ ነው። ባለፈው ዓመት በበዓሉ ዕለት እናቴ ብቻዋን ልታከብር ፈለገች። ከምግብ ቤቱ ቅቤ አጠራቅማ፣ ከቁስል ማሸጊያ ጥጥ ፈትላ፣ በሸክላ ሳህን ጠርዝ ላይ ደርድራ፣ በፀጉር መያዣዋ ነበልባሉን እያስተካከለች በመስኮቷ ሥር አበራች። ቅቤ የአቆስጣ ስብ አይደለምና ጨሰ። ደወሉ ጮኸ፤ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ወደ ግቢ ወጡ። እናቴ በማግስቱ በሩ ከውጭ ወደሚቆለፍ ፎቅ ተዛወረች።

እኔም አንድ ክፍል ለቅቄ፣ «ቤቴ ትምጣ፣ እኔ እጦራታለሁ» ብዬ አመለከትኩ። ጽሕፈት ቤትዎ «በእሳት አደጋ የማድረስ ዝንባሌ ስላላት ወደ መንደሩ መመለሷ አልተፈቀደም» ሲል መለሰልኝ። ከሥሩ ያለው ፊርማ በግብዣ ካርዱ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። በአንድ እጅ አንዲት አሮጊት እሳት እንዳትነካ አግዶ፣ በዚያው እጅ በሕዝብ ፊት እሳት እንድታነድ መጋበዝ ብዙ የሥራ ልምድ እንደሚጠይቅ አልጠራጠርም።

በወጋችን የሟችን ስም የወረሰ ዝምድናውንም ይወርሳል። እርስዎም ባሕሩ ላይ በረዶ ከድቶት የቀረውን የወንድሟን ስም ስለያዙ፣ ከታቀፉበት ቀን ጀምሮ «ወንድሜ» ትልዎታለች፤ የመጀመሪያውን የአደን ሥጋዎንም ለእርሷ ነበር ያመጡት። ውሳኔዎን ሳነብላት፣ «ወንድሜ ነው የፈረመው? እንግዲያው ጭሱን ብቻ ነው የነገሩት። ቅቤ ስለሆነ ነው በለው። ስብ አምጡልኝ ብዬ ነበር፣ የሚሰማኝ አጣሁ። ሲያውቅ ይተወዋል» አለችኝ። መልእክቱን እንዳደርስ ታዝዣለሁ፤ ይኸው አድርሻለሁ።

እናቴ እንደማትገኝ ለኮሚቴዎ ስደውልም ጸሐፊዋ በመልካም ትሕትና አስተናገደችኝ፦ «ውይ ጋሼ ሞሴሲ፣ እሱማ ምን ችግር አለው! በባትሪ የሚሠራ ቁሊቅ ገዝተናል። አይጨስ፣ አይጠፋ! የእማማን ስም በማይክ እንጠራለን፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል።» የማይጨስ መብራት፣ የማትታይ እናት፣ የማይቀር ጭብጨባ፤ ኮሚቴዎ ምንም አላጎደለም።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። እገዳውን ያንሱልኝና እናቴ ገና ወንበር ላይ መቀመጥ በምትችልበት ጊዜ አውሮፕላን ትሳፈር። ከዚያ በኋላ ክብሪቱን እኔ እደብቃለሁ።

የእናቴን ቤት ከእናቴ፣ በዓሉንም ከእሳቱ አስተማማኝ ርቀት ላይ በማቆየትዎ የዘወትር ባለውለታዎ የሆንኩ፣ በትሕትና እጅ የምነሳ አገልጋይዎ፣

ሞሴሲ ቃውናቅ
ከሲኩሊያክ

በተጨማሪ፦ በጽሕፈት ቤትዎ መመሪያ መሠረት፣ በመጦሪያው የሞተ አረጋዊ አስከሬን ያለ ማመልከቻ፣ ያለ ማጣሪያ፣ በተገኘው በረራ ወደ መንደሩ እንደሚመለስ አሁን ተረድቻለሁ። እናቴ ከመንደሩ የደወለላት ዘመድ ነግሯት ከእኔ ቀድማ ሰምታለች። እሑድ ስደውል ድምፅዋ ከወትሮው ይልቅ ደስ ያለው ነበር፤ «ለካ መምጫ አለ!» አለችኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ እህል አልቀመሰችም። እንኳን ለበዓሉ አደረስዎ።