ሰማዩ አረንጓዴ የሆነበት መጽሐፍ

ኅዳር 9 ቀን፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ

ለውዷ ልጄ፣ ለቁራጭ፦

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ብርዱ በርትቷል ብለሽ ነበር፤ ካልሲ ደርበሽ ተኚ። እኛ ደህና ነን። ሳሉም እንዳለ አለ፤ ድሮም የኔው ነውና አታስቢለት። ፊደሌ ቢንጋደድብሽ ጋደም ብዬ ስለምጽፍ ነው፤ ወረቀቱን ያስደገፍኩት ትራስ አልረጋ ብሎኛል።

በዚህ ዘመን ማን ደብዳቤ ይጽፋል ብለሽ ስትስቂ ይታየኛል። ቤታችንን ታውቂያታለሽ፣ አንድ ክፍልና ጓዳ ናት፤ በስልክ የማወራውን ሁሉ አባትሽ ይሰማል። ሳሉም አንድ ነገር ጀምሬ እንድጨርስ አይፈቅድልኝም። ወረቀት ደግ ነው፣ የፈለግሁትን ያህል አርፌ እቀጥላለሁ። አሁን አባትሽ ሥራ ነው፤ እኔን ልታግዝ የመጣችው አክስትሽም ገበያ ወጥታለች።

ሳላድበሰብስ ልንገርሽ። ይህን የምጽፈው ለአባትሽ እንድትደውዪለት ነው። ሥዕሉን የሠራሽው የልጆች መጽሐፍ እኛ ማተሚያ ቤት ከተበላሸ ወዲህ እሱ ድምፅሽን ሰምቶ አያውቅም። ለኔ ስትደውዪ ስልኩን ላቀብለው ስል "አሁን ሥራ አለብኝ" ብለሽ ትዘጊያለሽ፤ እሱም ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኖ ጫማውን መጥረግ ይጀምራል። እንደሱ የተጠረገ ጫማ በሰፈሩ የለም። እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ነበር። ዛሬ መሐላዬን አፍርሻለሁ፤ ኃጢአቱ በኔ ይሁን።

አባትሽ ቀለም አያይም።

ዓይኑ ጠፋ ማለቴ አይደለም። አሁንም መርፌ ላይ ክር ያስገባልኛል፤ ከመንገድ ማዶ የሚመጣውን ሰው በአረማመዱ ይለያል። የተወው ቀለሙ ነው። መጀመሪያ የሄደው ቢጫ ነው፤ ነጭ ወረቀት ላይ ያረፈ ቢጫ ለሱ ባዶ ወረቀት ሆነ። ቀጥሎ ሰማያዊና አረንጓዴ ተደባለቁበት። ቀዩም ታጥቦ ታጥቦ እንደለቀቀ ልብስ ሆነብኝ አለኝ። ሐኪም ዘንድ ስወስደው ሐኪሙ ሥራውን ጠየቀው፤ ከዚያ የማተሚያ ማሽኑ ሮለር የሚታጠብበትን ፈሳሽ ስም ጠየቀው። አባትሽ ስሙን ከየት ያምጣው? "ጣሳው ላይ የራስ ቅል አለበት" አለው። ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠና ቀለሙን የወሰደብህ ይኸው ዘመንህን ሙሉ ስታሸተው የኖርከው ነገር ነው፣ ከእንግዲህ አትጠጋው አለው።

አትጠጋው ማለት ለአፍ ይቀላል። እርጥቡ ቀለም ላይ አቧራ እንዳያርፍ ተብሎ ማሽኑ ክፍል መስኮት አይከፈትም። ጠዋት ገና ስትገቢ ሽታው ጉሮሮሽን ይዞ ነው የሚቀበልሽ። እኔም ሳሌን ያገኘሁት እዚያው ነው፣ ከሌላ አላመጣሁትም።

አባትሽ ደግሞ በቀለም የታወቀ ሰው ነው። ከሌላ ማተሚያ ቤት ሳይቀር "ዓይናማውን ጥሩልን" እየተባለ ይፈለግ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ዓይናማው ቀለም አይለይም ተብሎ ቢሰማ በማግስቱ ከበር ይመልሱታል፤ በዚያ ዕድሜው ማን ሥራ ይሰጠዋል? ከማሽን ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። ስለዚህ መላውን እኔ አመጣሁት። ወረቀት የማጥፍበት ጠረጴዛ ከማሽኑ ፊት ለፊት ነው። ገና ማሽኑ ሲነሳ አንድ ሉክ ወረቀት ይመዝና፣ ወደ ብርሃን እንደሚያየው ሁሉ ወደኔ ያዞረዋል። ቀዩ ከሆነ ችግሩ ሻሼን እነካለሁ። ቢጫው ከሆነ ጉትቻዬን። ሰማያዊው ከሆነ ሽርጤን። በቀኝ እጄ ከነካሁ ጨምር ነው፣ በግራ ከነካሁ ቀንስ። እሱም የቀለሙን ቁልፍ በዚያው ልክ ያዞራል።

ስንት ዘመን እንዲህ እንደኖርን ብነግርሽ አታምኚኝም። የጥራዝ ክፍል ሴቶች "ልጅ ድረው ገና ይጠቃቀሳሉ" እያሉ ይስቁብን ነበር። አንድ ቀን ጆሮዬን በልቶኝ በቀኝ እጄ ባከው፣ አጅሬ ቢጫውን ጨምሮ የሳሙና መጠቅለያውን ሁሉ የበሰለ ሙዝ አስመሰለው። ከዚያ ወዲያ ዝንብ ብታርፍብኝም ንቅንቅ አልልም። እንዲያ ስንስቅ ኖረናል። ክፉ ጊዜ ብቻ ነበር ብዬ ብጽፍልሽ ውሸት ይሆናል።

ከዚያ ያንቺ መጽሐፍ መጣ። አባቴ ካልሠራው ብለሽ አሳታሚዎችሽን አስቸግረሽ እዚህ ድረስ እንዳስላክሽው ያውቃል። ናሙናው የደረሰ ቀን ኮቱ ውስጥ ደብቆ ቤት አመጣውና ገጽ በገጽ እንድነግረው ለመነኝ። "ልጅቷ የለበሰችው ምን ዓይነት ነው?" ይለኛል። ቢጫ ነው እለዋለሁ። "እንዴት ያለ ቢጫ?" የእንቁላል አስኳል የመሰለ እለዋለሁ። "ሰማዩስ?" እንደ ሽርጤ ነው፣ አዲስ ሳለ። "ፊቷስ? ደም አለው?" እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ልቤን አወለቀው፣ ግን ሁሉን በቃሉ ያዘው። ትንሽ ልጅ ሳለሽ የተረፈ የወረቀት ቁራጭ ኪሱን ሞልቶ ሲያመጣልሽ፣ አንቺም ወለሉ ላይ በደረትሽ ተኝተሽ ስትሥይ የሚያይሽ ፊቱ ተመልሶ መጣ። ቁራጭ ያልንሽም በዚያ አይደል?

ሥራው ለሐሙስ ነበር። ረቡዕ ለደረት ራጅ ቀጠሮ ነበረኝና ከሥራ ቀረሁ። ይኸው ነው ነገሩ ሁሉ። አሠሪያችን፣ አስቸኳይ የምንለው፣ ሥራውን ከሐሙስ ወደ ረቡዕ አምጥቶ "አስቸኳይ ነው" አለ፤ እሱ ዘንድ አስቸኳይ ያልሆነ ነገር ታይቶ አይታወቅም። አባትሽ ነገ ይሁንልኝ ብሎ ለመነው። ጆሮ ዳባ ልበስ አለው።

ብቻውን ማሽኑን አስነሳ። የልጅቷ ቀሚስ ቢጫ መሆኑን ያውቃል፣ ወረቀቱ ላይ ግን አይታየውም። ጨመረ። አሁንም አልታየውም። ደግሞ ጨመረ። የሌላ ሰው ሥራ ቢሆን ቁልፉን ባለበት ትቶት ይወጣ ነበር፣ ከዚያ ሁሉ ጥፋትም ይተርፍ ነበር። ያንቺ ስለሆነ አልችል አለ። ቀሚሷን ሊያደምቅልሽ ብሎ ነው ልጄ፤ ቢጫው ፊቷ ላይ ወጥቶ ያመማት አስመሰላት፣ ሰማዩንም አረንጓዴ አደረገው።

ከሐኪም ቤት በቀጥታ ወደዚያው ሄድኩ። ተቆልሎ ሲደርቅ ገና ከበሩ አየሁት። አባትሽ ማሽኑ ጎን ቆሞ እጁን እየጠረገ "እ? ቀሚሷ ወጣላት?" አለኝ፤ ፈገግ ብሎ ነበር። በግራ እጄ ጉትቻዬን ነካሁ። እጄን እያየ ፈገግታው ከፊቱ ቀስ እያለ ሄደ። ወዲያው ገብቶ አስቸኳይን "ቀለሙ አልጣመኝም፣ ልድገመው" አለው። አስቸኳይ አንዷን ሉክ እንኳ አላነሳም። "ለሕፃናት ነው፣ ማን ያየዋል፣ ወደ ጥራዝ ይሂድ" ብሎ አባረረው። ይህን ማንም አልነገረሽም።

ያንቺ ደብዳቤ ሲደርስ ግን አስቸኳይ ማሽኑን አስቁሞ ሁላችንንም ሰበሰበንና ጮክ ብሎ አነበበው። "ይህን ያተመው ሰው ወይ ሥራውን ይንቃል፣ ወይ እኔን ይጠላል" ብለሽ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበበው። ማን እንደጻፈው ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ወደ መሬት አየ። አባትሽ ጨርቁን አጥፎ ማሽኑ ላይ አስቀመጠና "ልክ ናት" አለ።

ምን ነበረበት እውነቱን ቢናገር? ቤት ስንገባ ይህንኑ ጠየቅሁት፤ ደሜ ፈልቶ ነበር። "ብናገር አንቺንም አብረው ያስወጡሻል" አለኝ። ቀጥሎ ያለውን ግን አልረሳውም። "እሷ ካወቀች ደግሞ ሥራዋን ጥላ ትመጣለች። ተቆጥታ እዚያው ብትኖር ይሻለኛል።" አንቺ አውቆ ያበላሸው መስሎሽ ታኮርፊያለሽ። እሱ ኩርፊያሽን ተሸክሞ ይሄዳል። ሁለታችሁም ያው ናችሁ፣ እልሁን ከሱ ወስደሻል፤ ከኔ የወረስሽው ነገር የት እንዳለ እንጃ።

አሁን ማሽኑ ላይ አይደለም። ሮለር አጣቢ አድርገውታል። ሐኪሙ አትጠጋው ያለውን ፈሳሽ ከጠዋት እስከ ማታ እጁን ነክሮ ይውላል። የተመለሰውን መጽሐፍሽንም ለመቆራረጫው ያጋዘው እሱ ራሱ ነው፣ በትከሻው። አንዱን ብቻ አስቀርቶ ፍራሹ ሥር አኑሮታል። ከሥራ ሲመለስ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ይቀመጥና ይገልጠዋል። "እውነቱን ንገሪኝ፣ ሰማዩ ምን ያህል ነው አረንጓዴ የሆነው?" ይለኛል። ትንሽ ነው እለዋለሁ። "እንደ ቅጠል?" ኧረ ትንሽ ነው እለዋለሁ። አያምነኝም፤ ግን በማግስቱም ይጠይቀኛል። አንጀቴን የሚበላው ይኼ ነው።

መድኃኒቴን የሚሰጠኝም እሱ ነው። የጠዋቱና የማታው እንክብል በቀለም እንጂ በሌላ አይለይምና የማታው ጠርሙስ አንገት ላይ ክር አሥሮበታል። አሁን አሁን ደህና አድርጎ ያበስላል፣ ጨው ቢያበዛም። ፀጉሬንም ያበጥርልኛል፤ የቀረውን ማለቴ ነው። ሥራ ከቀረሁ ሰነባብቻለሁ፤ ለአንቺ ያልነገርኩሽ ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። የኔው ሐኪምም እንደፈለግሽ ዕረፊ፣ ያማረሽንም ብዪ ብሎኛል። እንዲህ ያለ ደግ ሐኪም አይቼ አላውቅም።

የሚያሳስበኝ እሱ ነው። መንገድ ሲሻገር መብራቱን ሳይሆን ሰዉን አይቶ ነው፤ ሰው ሲሳሳት አብሮ ይሳሳታል። ገበያ ከሄደ ያልበሰለ ቲማቲም ሸክፈው ይልኩታል። ጠዋት ሸሚዙንና ሱሪውን ዘርግቶ ወደ አልጋዬ ያያል፤ እኔም እንደ ድሯችን በእጄ እነግረዋለሁ። አክስትሽ ደግ ናት፣ ነገር ግን ይህን አልነገርናትም፤ ብትሰማ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ከኔ ሌላ የሚያውቅለት አንቺ ብቻ ነሽ፣ ከዛሬ ጀምሮ።

ስለዚህ ደውዪለት። አውቄአለሁ አትበዪው፣ ይሸማቀቃል። እንዲያው ስለ ምሳው ጠይቂው። ነይልኝ ብዬ አልለምንሽም፤ ሥራሽ ሥራ ነው። ብትመጪ ግን ለመምጣት ብዙ አትቆዪ። አክስትሽ አልጋሽን ይዛዋለች፣ የት እተኛለሁ ብለሽ አታስቢ፤ ቦታ ይኖራል።

ደብዳቤውን የሚያመጣልሽ የጎረቤታችን የልብስ ሰፊዋ ልጅ ነው፤ ትንሽ ጥቅልም አብሬ ሰጥቼዋለሁ። ቀዩ ሻሼ አለበት፣ ጉትቻዬ አለበት፣ የሥራ ሽርጤም አለበት፤ ሽርጡን አጥቤዋለሁ፣ የቀለሙ ነጥብ ግን አልለቅም ብሏል። እኔ አሁን ቤት ውስጥ ስለሆንኩ አያስፈልጉኝም። አንቺ ብታደርጊያቸው ያምሩብሻል። እሱ ቀለማቸውን ባያይም ቦታቸውን ያውቃል። ቀኝ እጅ ጨምር ነው፣ ግራ ቀንስ። ጆሮሽን ቢበላሽ ቻዪው።

አክስትሽ በሩን እየከፈተች ነው፣ ላብቃ። የረገጥሽው መሬት ይለስልስልሽ። እጅሽ የሚሥለው ሁሉ እንዳሰብሽው ይውጣልሽ። ክፉ ነገር አንቺን ሲፈልግ ሌላ ቤት ይሳሳት። የወለድሻቸው ልጆች አንቺ ለእኛ የሆንሽውን ይሁኑልሽ፣ ከኩርፊያው በቀር።

የምትወድሽ እናትሽ

ረስቼው ነበር፦ ለጥቁር ምልክት አላወጣንለትም። ጥቁሩን አባትሽ ያለኔም ያየዋል።