ባዶ ጣሳ አይመለስም

ጅቡቲ፣ ካርቲዬ ሁለት
ሚያዝያ 10 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለምፈራሽ እናቴ፣

እንዴት ነሽ እማዬ? ድሬዳዋ ሙቀቱ እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ በሩን ሁለቴ እቆልፋለሁ። ስልክ ትቼ የጻፍኩልሽ ለምን መሰለሽ፣ ስልክ ላይ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ እጮሃለሁ፣ ከዚያ ካርዱ ያልቅና ስልክ ቤት ያለው ሰው ሁሉ እኔ ላይ ያፈጣል። ወረቀት ላይ ቢያንስ አታቋርጪኝም።

"ጓዳውን ዝጊው፣ ያ ሥራ ከአባትሽ ጋር ተቀብሯል፣ ቁልፉን ለሙሐመድኑር ስጪና ወደ እኔ ነይ" አልሽኝ። እሺ አልኩ። አባዬ ከምድር ባቡር ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ስምንት ዓመት ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ ለጎረቤቱና ለመንገደኛው ሩዝና ምስር ሲሰፍርበት የኖረውን በር በገዛ እጄ ቆለፍኩት። ወረቀትም ለጠፍኩ፦ "በሐዘን ምክንያት ጓዳው ለጊዜው ቆሟል።" በፈረንሳይኛም ጻፍኩት። ትምህርቱን ጥዬ ወጣሁ እንጂ ፈረንሳይኛው እኔን ጥሎኝ አልወጣም። "ለጊዜው" የምትለዋን አንቺ አላልሽም። እኔ ነኝ የጨመርኳት። ቦታ ተርፎ ነበር።

ቁልፉን ይዤ ቡላኦስ ሰፈር ሙሐመድኑር ሱቅ ሄድኩ። እጁን እንኳ አልዘረጋም።

"ለአባትሽ ከተቀደደ ጆንያ የተረፈ ሩዝ ስሰጠው ኖርኩ። ቁልፍ ስጠኝ ብዬው አውቃለሁ?" አለኝ።

"እማዬ ናት ያለችው።"

"እናትሽ አሁን በሐዘኗ የምትለው፣ እናትሽ በደህናው ቀን የምትለው አይደለም። ሂጂ፣ ጥላ አትሁኚብኝ፣ ደንበኛ አለኝ።"

ስለዚህ ቁልፉ እኔው ጋ ነው። አልተቀበለኝም፣ ምን ላድርግ?

አሁን የሚያስቆጣሽን ልንገርሽ። ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ሰብለወርቅ ናት፣ ሄሮን ሰፈር ልብስ ከምታጥብበት ቤት እንደወጣች፣ ሽርጧን እንኳ አልፈታችም። ከኋላዋ የሰፈሩ ሰው ተሰልፏል።

"ጣሳዬን ልወስድ ነው" አለችኝ።

"ወረቀቱን አላየሽም?"

"አየሁት። ጣሳ አልኩሽ እንጂ ሩዝ አልኩሽ?"

እማዬ፣ ደሜ ፈላ። አባዬ እኮ ነው እነዚያን የወተት ዱቄት ጣሳዎች ለቅሞ፣ በምድር ባቡር አረንጓዴ ቀለም የየቤቱን ስም የጻፈባቸው። ሌላ የሚሰጥ ቤት አግኝተው ዕቃቸውን ሊሰበስቡ የመጡ መሰለኝ። "አርባው ሳይወጣ? ሁለት ቀን ሆዳችሁ አይችልም?" አልኳቸው። እትዬም ቀረ፣ አክብሮትም ቀረ። ጣሳዎቹን ከመደርደሪያው እያወረድኩ ወረወርኩላቸው። አንዱ መንገድ ላይ ተንከባሎ ታክሲ አስቆመ። ሹፌሩ በሶማልኛ ያለኝን አልጽፍልሽም፣ እኔ የመለስኩለትን ደሞ ጭራሽ።

እትዬ ሰብለወርቅ፣ "ቀስ በይ፣ ይጨረማመታል" አለችና የራሷን አንስታ በሽርጧ ጠርጋ ሄደች። መደርደሪያው ላይ አንድ ጣሳ ብቻ ቀረ፣ ያ "መንገደኛ" የሚለው ትልቁ፣ ባለቤት የሌለው።

ቅዳሜ አርባው ነበር። አንቺ እዚያ ከካህናቱ ጋር ነበርሽ። እኔ እዚህ ምን እንደሚደረግ አላወቅኩም፣ ልብስ አጠብኩ። የታጠበውንም ደግሜ አጠብኩት። በሩ ሲንኳኳ ሳልከፍት፣ "ጓዳው ዝግ ነው" አልኩ።

"ጓዳ ማን ፈለገ? ክፈቺ፣ ይከብዳል" አለች እትዬ ሰብለወርቅ።

ከፈትኩ። ጣሳዎቹ ሁሉ ተመልሰው መጥተዋል። ሙሉ ናቸው። ንፍሮ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ተምር። የማዶዋ ሶማሌ ጎረቤታችን ላሆህ የሚሉትን ስስ እንጀራቸውን ጠቅልላ ጣሳው ውስጥ አቁማዋለች። ዓይኗ የማያይላት እማማ አበሩ ደሞ በልጅ ተመርታ ጨው ይዛ መጣች። "ያለኝ እሱ ነው፣ ምናልባት ንፍሮው ጨው ካነሰው" አለች። አንሶት ነበር።

"ሐሙስ ዕለት ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት እትዬ ሰብለወርቅን።

"አፍ የት ሰጠሽኝ? ስምንት ዓመት ሞልቶ የሰጠን ጣሳ ለአርባው ባዶውን ይደርደር? ዕቃ ባዶውን ይመለሳል እንዴ?"

ይቅርታ ልላት ፈልጌ፣ "ንፍሮው አልበሰለም" አልኳት።

"ጥርስሽ ነው የላላው" አለችኝ። በዚሁ ታረቅን።

እንዲህ ግቢው ሙሉ ሰው ተቀምጦ ሳለ አራት ልጆች በር ላይ ቆሙ። ከድንበሩ ከደወሌ በእግራቸው ነው የመጡት፣ እስከ ጉልበታቸው አቧራ ናቸው። ወደ የመን የሚሻገሩ ናቸው። ትልቁ፣ ጫላቸው የሚባለው፣ እኔን የሚያክል ነው። "የጋሽ እንድሪያስ ቤት ይሄ ነው?" አለ። የእኛን ቤት መንገድ ላይ ሰዎች ናቸው የነገሩት።

"እሱ አርፏል ልጄ" አለችው እትዬ ሰብለወርቅ።

ልጁ "ነፍስ ይማር" አለና ያወረደውን ፌስታል መልሶ አነሳ። ሲያነሳው አየሁት እማዬ። አልጮኸም፣ አልለመነም። እንደለመደ ሰው ነው ያነሳው።

"ቤቱ ግን ይሄ ነው" አልኩት።

ከዚያ የመንገደኛውን ጣሳ ይዤ ግቢውን ዞርኩ። ሁሉም ከየጣሳው እየዘገነ ጨመረበት። እማማ አበሩ ጨውዋን በጣቷ ቆነጠረች። ልጆቹ በልተው ጥላው ስር እዚያው ተኙ። ትናንት ማታ ሙሐመድኑር ሳልጠይቀው አንድ ጆንያ ሩዝ በጋሪ ላከ።

ሐሙስ እከፍታለሁ። ፈቃድ እየጠየቅኩሽ አይደለም፣ እያሳወቅኩሽ ነው። እሺ፣ እየጠየቅኩሽም ነው። ወረቀቱን አልቀደድኩትም። "ለጊዜው" ስለሚል ውሸት አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከዚያ እዘጋለሁ። አባዬን ይዘሽ ለሕክምና ወደ ድሬዳዋ ስትሄዱ ባቡር ጣቢያ ያልመጣሁት ራሴን አሞኝ አልነበረም። በዋዜማው አባዬ "ትምህርት ቤት ተመለሺ" ሲለኝ፣ "አንተ የአገሩ ሰው አባት ነህ፣ እኔን ተወኝ" ብዬው ነበር። የሚመለስ መስሎኝ ነዋ። ለቀብሩም መታወቂያዬ ስላልታደሰ ድንበር አላልፍም አልኩሽ። ታድሶ ነበር። መሳቢያ ውስጥ ነው። አሁን ከፈለግሽ ተቆጪ።

ጀንበሬ ሹፌሩ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ጣሳ ይሰጥሻል። ያንቺ ነው። አባዬ ለሰው ሁሉ ጽፎ ላንቺ አልጻፈም፣ የቤት ሰው ጣሳ አያስፈልገውም ይል ነበር። አረንጓዴው ቀለም ስለደረቀ "ወለተማርያም" ብዬ በጥፍር ቀለሜ ጻፍኩት፣ እንዳትስቂ። ከየጣሳው ትንሽ ትንሽ ዘግኜ ነው የሞላሁት። ንፍሮውን እንዳይሻግት ተውኩት። በወረቀት የተጠቀለለው የእማማ አበሩ ጨው ነው።

ሞልቼ ካልመለስኩ ብለሽ ደሞ እዚያ እንዳትቀሪ። ዕቃ ባዶውን አይመለስም፣ አውቃለሁ። አንቺ ግን ባዶውን ይዘሽው ነይ።

የአባዬን ነፍስ ይማርልን፣ አንቺን ያቆይልኝ። ምርቃትሽን ላኪልኝ። ቁጣም ከሆነ የምትልኪው፣ ያው ያንቺ ስለሆነ ደስ ይለኛል።

ልጅሽ
ፅዮናዊት እንድሪያስ