በቅጠል የተሸፈኑትን ጉድጓዶች ላላዩት የመሬት ቢሮ ኃላፊ

ለተከበሩ የመሬት ቢሮ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ የደም ግፊትዎ ረግቶ፣ እንቅልፍዎ ሰምሮ፣ ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው የሚያስነብብ ጤናና ትዕግስት እንዲሰጥዎ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ከቢሮዎ ማዶ ባለችው ጠባብ ሱቅ ጸጉርዎን የማስተካክል፣ ሥራ ሲበዛብዎም ቶንዶሴንና ፎጣዬን ይዤ ቢሮዎ ድረስ የምመጣ፣ ከጆሮዎ ጀርባ ያለችውን ጠባሳ ከባለቤትዎ ቀጥሎ የማውቅ ሰው ነኝ። ሳልነግርዎት የቀረሁት ነገር ቢኖር ባለቤቴ የጫካው ሰዎች ልጅ መሆኗን ነው። እርስዎ በመስታወቱ እያዩኝ እነዚያ ጫካ ለጫካ የሚንከራተቱ ሥራ ፈቶች እያሉ ሲያጫውቱኝ፣ እኔ አንገትዎን በምላጭ እየላጨሁ ነበር። እጄ አለመንቀጥቀጡን ልብ ይበሉልኝ።

አሁን ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ጫካውን ለእንጨት ድርጅቱ ከመስጠትዎ በፊት በአካል ተገኝተው ስለጎበኙልን እናመሰግናለን። እንደሚያውቁት፣ ይቅርታ፣ እንደማያውቁት፣ አማቴና ዘመዶቻቸው የሚኖሩት ከዛፎቹ ሥር ቆፍረው እንደ ድንች ቀቅለው በሚበሉት የዱር ቦዬ ነው። ቦዬውን ሲያወጡ ራሱን ከነሐረጉ መሬት ውስጥ ይተዉታል፤ አፈሩን መልሰው፣ ደረቅ ቅጠል አልብሰው ይሄዳሉ፤ እሱም ለከርሞ መልሶ ይሰጣል። ጉድጓድ ከፍቶ መሄድ እነሱ ዘንድ ትልቅ ነውር ነው። ታዲያ ትልቅ ሰው ሊመጣ ነው ሲባል የዋሆቹ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ሴቶቹ ከዋዜማው ጀምሮ ወገባቸው እስኪቆረጥ ጫካውን ሲያሰናዱ ዋሉ፤ እንግዳው እንዳይታዘባቸው፣ እግሩም እንዳይሰበር። እርስዎም በዚያ ባማረ ቅጠል ላይ በተወለወለ ጫማዎ እየተንጎማለሉ አለፉና የሰው እጅ ያልነካው፣ ማንም የማይጠቀምበት ባዶ መሬት ብለው ፈረሙ። አበጁ!

፪. ድርጅቱ ባቆመው ዘበኛ አማካይነት አማቴን፣ ተወልደው ባረጁበት ቦታ፣ ሌባ ስላስባሉልን እናመሰግናለን። ዘበኛው መቆፈሪያ እንጨታቸውን ጉልበቱ ላይ ሰበረው። ያ እንጨት የእናታቸው ነበር። እኔ ቤት መጥተው ማዕድ ሲቀርብ አልበላም አሉ፤ የልጅ ልጆቻቸው ጦማቸውን እያደሩ እሳቸው እንዴት ይዋጥላቸው? ሳህኑ ላይ አፍጥጠው እንባቸው ዱብ ዱብ ሲል አየሁ። ጌታዬ፣ ጥርሴን የነከስኩብዎት ያን ዕለት ነው። ይህን በጨዋ ቋንቋ መጻፍ አቅቶኝ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

፫. አቤት ለማለት የመጡትን ሽማግሌዎች ኮሪደርዎ ላይ ቀኑን ሙሉ አስቀምጠው፣ ቢሮዎ ሳያስገቡ፣ በር ላይ ቆመው ስላነጋገሩልን እናመሰግናለን። የአማቴ ወንድም፣ እንዴት ይረሱናል፣ ጫካውን ጎብኝተው ሲመለሱ እኔው ራሴ አንድ ቦዬ ፊትዎ ቆፍሬ የመንገድ ስንቅ ይሁንዎ ብዬ ሰጥቼዎት አልነበረም ወይ ቢሉዎ፣ እርስዎ እንዲህ ያለ ነገር ጨርሶ እንደማያስታውሱ፣ ማስረጃ ካላቸው ግን በርዎ ክፍት መሆኑን ነገሯቸው። አማቴ ደግሞ ሥራ በዝቶባቸው ረስተውት ይሆናል እያሉ ዛሬም ይሟገቱልዎታል። ጥፋቱ የኛ ነው፣ ጉድጓዶቹን አሳምረን ባንሸፍን ኖሮ ያዩ ነበር ይላሉ። እኔ ግን እንደ እሳቸው ደግ አይደለሁም።

እነሆ የምክርዎ ፍሬ፤ ማስረጃ ስላሉ ማስረጃ ፈለግን። የጫካው ሰዎች የድርጅቱ አጥር ባልደረሰበት በኩል ሁሉ ጉድጓድ መሸፈን አቁመዋል። አማቴ በየጉድጓዱ አፋፍ ላይ ፊታቸውን በእፍረት እየሸፈኑ፣ ነውሩ በእሳቸው አንገት ብለው ያልፋሉ፤ እሳቸው የተባሉት እርስዎ ነዎት። ከድርጅቱ ትልልቅ ማሽኖች አንዱ ማንም የማይጠቀምበት ባዶ መሬት ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ ሰንብቷል። የመሠረትነውን ክስ የያዙት ዳኛም መሬቱን በዓይናቸው ለማየት ወስነዋል። እባክዎ አብረው ሲመጡ እግርዎ ሥር እያዩ ይራመዱ፤ በዚህ ዙር ማንም አላሰናዳልዎትም።

እርስዎን ከዚያ ወንበር ሲነሱ ለማየት ዕድሜ የሚለምን፣ ጎንበስ ብሎ እጅ የሚነሳ፣
የአንገትዎ ጠባቂ ጸጉር አስተካካይዎ

ከደብዳቤው ግርጌ የተጨመረ፦ ባለፈው ቢሮዎ መጥቼ ጸጉርዎን ስቆርጥ ከወንበርዎ በላይ የተሰቀለችውን ፎቶ አየኋት። ክንድ የሚያህል ቦዬ ታቅፈው ጥርስ በጥርስ ሆነው ይስቃሉ፤ የአማቴ ወንድም ከጎንዎ ጉድጓዱ ውስጥ እስከ ትከሻቸው ገብተዋል። ቤተሰብዎ ቀቅሎ እንደበላው፣ እንደጣፈጣቸውም ያኔውኑ አጫውተውኛል። አሁን ተንደርድረው ከግድግዳው ለማውረድ አይድከሙ፤ ያነሳዎት ሹፌርዎ ነው፣ እሱም ጸጉሩን የሚቆረጠው እኔ ጋ ነው፣ ቅጂውም ከጠበቃችን እጅ ገብቷል። ለችሎቱ አምረው መቅረብ ከፈለጉ ሱቄ ክፍት ነው፤ የዚያን ቀን በነጻ አስተካክልዎታለሁ።